ከዋንዛ ግንድ እስከ ባለመሳቢያ ጠረጴዛ፦ ጅማ ላይ በእጅ መሣሪያ እንጨት መሥራት ስማር የያዝኩት ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከሰቃ ጨቆርሳ በኩል አንድ የዋንዛ ግንድ ገዛሁ። ዛፉ ያደገው በዘመዳችን የቡና ማሳ ውስጥ ነው። ከማርጀቱ የተነሣ ቅርንጫፎቹ እየተገነጠሉ ቡናው ላይ መውደቅ ስለጀመሩ ባለቤቱ ሊያነሣው ቆርጦ ነበር። በጅማ ዙሪያ ዋንዛ ከብርብራና ከግራር ጋር ለቡና ጥላ ሆኖ ይኖራል። ነጭ አበባውን ንብ ይቀስመዋል፣ ፍሬውን ልጆች ይለቅሙታል፣ ዕድሜው ሲገፋ ደግሞ በር፣ ከበሮና በርጩማ ይወጣዋል። ከመንግሥት ደን ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን መቁረጥን የ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ እንጨት የሚገዛ ሰው «ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። የእኔን ግንድ ባለቤቱ የማጓጓዣ ፈቃድ አውጥቶበት ነው ያስረከበኝ።

የማስበው ሁለት ዕቃ ነው። መጀመሪያ ከአንድ ግንዲላ የሚፈለፈል ባለሦስት እግር በርጩማ፤ ቀጥሎ ያለ ምስማርና ያለ ብሎን የሚገጣጠም፣ መሳቢያ ያለው ትንሽ ጠረጴዛ። ሁሉም በእጅ መሣሪያ ብቻ። ለምን ቢባል፣ ጅማ በእንጨት ሥራዋ ስሟ የተጠራ ከተማ ናት። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በረንዳዎቹና ደረጃዎቹ የእንጨት ናቸው፤ የጅማ በርጩማም እስከ ዛሬ አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል። ከተማው ውስጥ አዲስ ቤት የሚያደራጀው ሰው ግን የሚገዛው ቺፕውድ ነው። ቺፕውድ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ በሚዘንብበት አገር ጠርዙ አንዴ ካበጠ ወደነበረበት አይመለስም። ጥሩው እንጨት ማሳችን ውስጥ ቆሞ፣ የሚያውቁት ሰዎችም በሕይወት እያሉ፣ ሙያውን የሚቀበል ሰው መጥፋቱ ያሳዝነኛል።

ግንዱን ለበርጩማ የሚሆነውን አጭር ግንዲላ አስቀርቼ ቀሪውን አሰነጠቅሁት። ሰንጣቂዎቹ ግንዱን ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ አወጡት፤ አንዱ ከላይ ቆመ፣ ሌላው ከሥር ገባ። ከሰል በጥብጠው ሲባጎ ነከሩበትና ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥረው መሐሉን ስበው ለቀቁት። ቀጭን ጥቁር መስመር ታተመ። ከዚያ በኋላ ያንን ረጅም መጋዝ ላይና ታች ሲስቡት ከመስመሩ ዝንፍ አላለም። ሦስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ጣውላዎች ወጡልኝ።

ጣውላዎቹን ቤታችን ጀርባ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ደረደርኋቸው። ከመሬት ከፍ አድርጌ በድንጋይ ላይ አስቀመጥሁ፤ በየመካከላቸው ደረቅ ቀጫጭን እንጨት በየ50 ሳንቲ ሜትሩ፣ አንዱ በሌላው አናት ትክክል እየሆነ ገባ። ጫፎቻቸውን ቀለም ቀባሁ፤ ውኃ በጫፍ በኩል የሚወጣው ከጎን ይልቅ በብዙ እጥፍ ስለሚፈጥን ጫፉ ቀድሞ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ነው። በላያቸው ከባድ ድንጋይ ተጫነ። የቆየው ልምድ ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ጠብቅ ይላል። ለጠረጴዛው የሚሆነውን ደረቅ ጣውላ መምህሬ ለዓመታት ጣራ ሥር ካቆዩት ላይ ሰጥተውኛል፤ እኔ ደግሞ ከዚህ ክምር በሚቀጥለው ዓመት እመልስላቸዋለሁ።

መምህሬ በርጩማ ሲጠርቡ ያረጁ ሰው ናቸው። የመጀመሪያው ትምህርታቸው ይህ ነበር፦ «እንጨት ተቆረጠ ብለህ ሞተ አትበል። ክረምት ሲገባ ይጠጣል፣ በጋ ሲሆን ያልበዋል። አንተ የምትሠራው ለዚህ ለሚጠጣውና ለሚያልበው ነው።» ይህን ማስታወሻ ስይዝ ደጋግሜ የምመለስበት ነገር ይህ ሆኗል።

ጥቅምት

ወሩ በስለት አለቀ። መምህሬ እንጨት አላስነኩኝም።

ያለኝ መሣሪያ ይህ ነው፦ አንድ የብረት መላጊያ፣ ሦስት መሮ፣ አንድ ለቁመት አንድ ለአግድም የሚሆን መጋዝ፣ መጥረቢያ፣ ስለቱ እንደ ዶማ ወደ ጎን የዞረ መጥረቢያ፣ ሞረድ፣ ማዕዘን መለኪያና የወይራ እንጨት መዶሻ። አብዛኛው ከመርካቶ የብረታ ብረት መደብሮች የተገዛ ሲሆን፣ ወደ ጎን የዞረውን መጥረቢያ አንጥረኛ ከመኪና ሞላ ቀጥቅጦ ሠራልኝ። ከሱቅ የሚመጣ መሮ የተሳለ ይመስላል እንጂ አይቆርጥም።

የመጀመሪያው ሥራ የመሮውን ጀርባ ማስተካከል ነው። ጀርባው ጠፍጣፋ ካልሆነ ስለቱ ስለት አይሆንም፤ ስለት ማለት ሁለት የለሰለሱ ፊቶች የሚገናኙበት መስመር ነውና። ጀርባውን በእስክሪብቶ አጥቁሬ ድንጋዩ ላይ ስፈጨው ቀለሙ ከዳርና ከዳር ለቀቀ፣ መሐሉ ቀረ። መሐሉ ጎድጉዷል ማለት ነው። ከጫፉ አንድ ጣት ያህል ቦታ እኩል እስኪያበራ ድረስ መፍጨት ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ቢቀርም ግድ የለም።

ከዚያ ወደ ተዳፋቱ ፊት ይኬዳል። አንግሉን በመሣሪያ መለካት አያስፈልግም። የተዳፋቱ ርዝመት የብረቱን ውፍረት ሁለት እጥፍ ከሆነ 30 ዲግሪ ነው፤ ሁለት እጥፍ ተኩል ሊሞላ ጥቂት ከቀረው 25 ዲግሪ ነው። ሴቴ ቀዳዳ፣ ማለትም የሌላው እንጨት ጫፍ የሚገባበትን ጉድጓድ፣ ለመምታት 30 ይሻላል፤ በእጅ እየገፉ ለመፈቅፈቅ 25 ይበቃል። በሻካራው ድንጋይ ከተፈጨ በኋላ በጀርባ በኩል አውራ ጣትን ወደ ውጭ ሲያንሸራትቱ የሚይዝ ጥቃቅን የብረት ጢም ይሰማል። ጢሙ ከዳር እስከ ዳር ካልተሰማ ተዳፋቱ ገና ስለቱ ጋ አልደረሰም፤ ወደ ለስላሳው ድንጋይ መሄድ ከንቱ ድካም ነው። ከተሰማ በለስላሳው ድንጋይ ጥቂት፣ ከዚያም ጣውላ ላይ በተለጠፈ የድሮ ቀበቶ ቆዳ ላይ ወደ ኋላ ብቻ እየጎተቱ ጢሙን ማርገፍ ነው።

መፈተኛው የፈረንጅ ጥድ ጫፍ ነው። ጥዱ ለስላሳ ስለሆነ ያልተሳለ ብረት ጫፉን ይጨፈልቀዋል፣ ነጫጭ ስብርባሪም ይተዋል። የተሳለው ግን ሰም የተቀባ የሚያስመስል ፊት ያወጣል። መምህሬ አንድ የተሳለ መሮ በመዳፌ ብቻ ገፍቼ የጥዱን ጫፍ እንድፈቀፍቅ አደረጉ፤ የተጠቀለለ ቀጭን ልጣጭ ወጣ። «አሁን እንጨት ልታይ ትችላለህ» አሉኝ። ከዚያ በፊት አያለሁ እያልኩ የቆየሁት ብረቱን ነበር።

መጋዙም የራሱ ነገር አለው። ለቁመት የሚሆነው ጥርሱ እንደ ተደረደሩ ትንንሽ መሮዎች ፊቱ ቀጥ ያለ ነው፤ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ይፈልጣል። ለአግድም የሚሆነው ደግሞ ጥርሱ በጎን ተስሎ የቢላዋ ጫፍ መስሏል፤ ጅማቱን ይቆርጣል። አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም ይቻላል፣ ነገር ግን ሥራው ይከብዳል፣ ፊቱም ይበጣጠሳል። በባለሦስት ማዕዘን ሞረድ ጥርስ በጥርስ መሳሉን ተማርኩ። አንድ ጥርስ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ ወደ ግራ በትንሹ ይታጠፋል፤ የሚከፈተው መንገድ ከመጋዙ ብረት ውፍረት ጥቂት ካልሰፋ መጋዙ እንጨቱ ውስጥ ይነክሳል።

ኅዳር

በርጩማው። ይህ የሚሠራው ገና እርጥብ ከሆነ እንጨት ነው፤ የደረቀ ዋንዛ በመጥረቢያ አይታዘዝም፣ እርጥቡ ግን እሺ ብሎ ይነሣል።

ግንዲላው ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ይወፍራል። መምህሬ በመሐሉ ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ አሳዩኝ፤ ዛፉ ችግኝ ሳለ የነበረው ልቡ ነው። «ይህን በርጩማህ ውስጥ ካስገባኸው ይሰነጥቅሃል» አሉ። ምክንያቱ ይህ ነው። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ መጀመሪያ የሚወጣው በባዶው ቦታ የተጠራቀመው ውኃ ነው፤ በዚህ ጊዜ እንጨቱ አይኮማተርም። እርጥበቱ ከደረቅ ክብደቱ 30 በመቶ ገደማ ሲደርስ ግን ከራሱ ከጅማቱ ግድግዳ መውጣት ይጀምራል፤ መኮማተሩም ይከተላል። በቁመቱ የሚኮማተረው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በዙሪያ ቀለበቱ አቅጣጫ የሚኮማተረው ግን ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ባለው አቅጣጫ ከሚኮማተረው ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ልቡ መሐል ላይ ካለ ዙሪያው ማጠር ይፈልጋል፣ ውስጡ አያሳጥረውም፤ መውጫ ሲያጣ ከቅርፊት ወደ ልብ ይተረተራል። በሐሙስ ገበያ ከአንድ ጎን እስከ መሐል የተሰነጠቁ በርጩማዎች ያየሁበት ምክንያት አሁን ገባኝ።

ስለዚህ ግንዲላውን በብረት ሽብልቅ ለሁለት ፈለጥነው፤ ልቡን ከአንዱ ግማሽ ፊት ላይ ጠርበን ጣልን፤ ከቀረው 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ አወጣን። ጅማቱ ቁልቁል እንዲቆም አደረግን፤ እግሮቹ የሚይዙት በጅማቱ ቁመት ነውና። ጅማቱ አግድም ቢሄድ እግሩ ሲረገጥ ይገነጠላል።

ሦስቱን እግሮች ለመክፈል መምህሬ መለኪያ አላነሡም። ምስማር መሐሉ ላይ ተክለው በሲባጎ ክቡን አወጡ፤ ያንኑ ሲባጎ ሳያሳጥሩ በክቡ ጠርዝ ላይ እየተራመዱ ምልክት አደረጉ። ስድስት ቦታ ላይ ደርሶ መነሻው ላይ ገጠመ። አንዱን እየዘለሉ ሦስቱን ወሰዱ። የክብ ራዲየስ በዙሪያው ላይ በትክክል ስድስት ጊዜ እንደሚገባ ትምህርት ቤት ተምሬአለሁ፤ በሲባጎ ሲሠራ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

መጀመሪያ መቀመጫው ተጎደጎደ። ወደ ጎን የዞረው መጥረቢያ ከጠርዝ ወደ መሐል ብቻ ነው የሚሄደው፤ ከመሐል ወደ ጠርዝ ከመጡ የጠርዙ እንጨት ተገንጥሎ ይሄዳል። ከዚያ ተገልብጦ በእግሮቹ መካከል ያለው ወጣ። መምህሬ በየመሐሉ በጣታቸው እያንኳኩ ውፍረቱን በድምፁ ይለያሉ። መቀመጫው አራት ሳንቲ ሜትር፣ እግሮቹም አምስት ገደማ እንዲሆኑ ተደረገ። ወፍራምና ቀጭን ቦታ ካለ ቀጭኑ ቀድሞ ይደርቅና ከወፍራሙ ጋር ይጎታተታል።

ባለሦስት እግር የሆነበት ምክንያትም እዚያው ተገልጦልኛል። የጭቃ ወለል ጎርባጣ ነው፤ አራት እግር ያለው ወንበር አንዱን እግሩን አንሥቶ ይወዛወዛል። ሦስት ነጥብ ግን መቼም ቢሆን በአንድ ጠፍጣፋ ላይ ያርፋል። ቡና አፍልቶ በርጩማ ላይ የሚቀመጥ ሰው ስኒውን ይዞ የሚረጋጋው በዚህ ነው።

ተጠርቦ ሲያልቅ ጎረቤት ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀመጥሁት፦ 4 ኪሎ ከ100 ግራም። በራሱ ፍቅፋቂ ሞልቼ የቡና ጆንያ ውስጥ አስገባሁትና ከቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ አኖርኩት። ፍቅፋቂው እርጥበቱን ይዞ ስለሚቆይ አደራረቁን ያዘገየዋል። ጆንያው በየጊዜው ይከፈታል፣ ፍቅፋቂው ይገለበጣል፣ በርጩማው ይመዘናል።

ታኅሣሥ

አጭር ወር። በርጩማው እየቀለለ ነው፣ ስንጥቅ የለበትም። የጅማ ሙዚየም ገብቼ ከአባ ጅፋር ዘመን የቆዩትን የእንጨት ዕቃዎች አየሁ። ከዚያ ይበልጥ የጠቀመኝ ግን ጎረቤታችን ያለ የአያት በርጩማ ነው፤ ባለቤቷ ገልብጬ እንዳየው ፈቀዱልኝ። የመቀመጫው ፊት ከመቀመጥ ብዛት ለስልሶ ያበራል፣ ከሥሩ ግን የመጥረቢያው ምት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሠሪው የማይታየውን ለማለስለስ ጉልበቱን አላባከነም። ይህን ልከተለው ወሰንኩ፤ የጠረጴዛዬ ውስጡና ሥሩ የመላጊያው ዱካ ይኑርበት።

ጥርና የካቲት

ጠረጴዛው። ላዩ 60 በ45 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 55። እግሮቹ አራት ሳንቲ ሜትር ተኩል በአራት ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ እግሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኙት አያያዦች 10 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 2.2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት።

ጣውላን ማስተካከል በፊት የናቅሁት ነገር ነው፤ ከሥራው ግማሹ ግን እርሱ ነው። ደረቅ ጣውላ መቼም ቀጥ ብሎ አይገኝም፤ ይጎብጣል፣ ይጠማዘዛል። መጠማዘዙ በዓይን አይታይም። ሁለት እኩል ቀጥ ያሉ ቀጫጭን እንጨቶች በጣውላው ሁለት ጫፍ ላይ በአግድም ይቀመጣሉ፤ ጎንበስ ብሎ የቅርቡን አናት ከሩቁ አናት ጋር ማስተያየት ነው። ሁለቱ ጠርዞች ትይዩ ካልሆኑ ከፍ ያለው ማዕዘን በመላጊያ ይነሣል። አንዱ ፊት ከቀና በኋላ አንዱ ጠርዝ በማዕዘን መለኪያ ይቀናል። ከዚያ ወዲያ ማንኛውም ልኬት የሚነሣው ከእነዚህ ከሁለቱ ብቻ ነው። መምህሬ በእርሳስ ምልክት ያደርጉባቸዋል፤ ምልክት ከሌለው ፊት ልኬት ማንሣት ክልክል ነው።

መላጊያው ሲገፋ ጅማቱ ወደ ላይ እየወጣ የሚሄድበትን አቅጣጫ መከተል አለበት። አቅጣጫው የሚነበበው ከጣውላው ጎን ነው፤ በጠርዙ ላይ ያሉት መስመሮች ወደ ፊት ወደ ላይ ከሄዱ ወደዚያው ይገፋል። በተቃራኒው ከተገፋ ብረቱ ከጅማቱ ሥር ገብቶ ፈልጦ ያነሣዋል። ጉጥ አካባቢ አቅጣጫው በአንድ ስንዝር ውስጥ ይገለባበጣል፤ እዚያ ብረቱ ወጣ ያለበት መጠን ከወረቀት ቀጭን ይደረጋል። በትክክል የሚሄድ መላጊያ ድምፁም ይለያል፤ ፉጨት ነው። ሲያንኳኳ ቆም ብሎ ጣውላውን ማዞር።

መገጣጠሚያው ወንዴና ሴቴ ነው፤ ወንዴው ቀጥኖ የተጠረበው የአያያዡ ጫፍ፣ ሴቴው ደግሞ እርሱ የሚገባበት የእግሩ ቀዳዳ ነው። ሴቴው ቀዳዳ ይቀድማል፤ ምክንያቱም ስፋቱ የመሮው ስፋት ነው፣ አይለወጥም። ወንዴው በኋላ በእርሱ ልክ ይላጋል። አያያዡ 2.2 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ወንዴው ሲሶው ያህል፣ በስምንት ሚሊ ሜትር መሮ ልክ ሆነ። መስመሩ የሚወጣው በእርሳስ ሳይሆን በስለታም ቢላዋ ነው። የእርሳስ መስመር ውፍረት አለው፤ የቢላዋ መስመር ግን ጅማቱን ስለቆረጠው መሮው ራሱ ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ከመስመሩ ወዲህ ያለው ጠርዝም አይበጠስም።

ሴቴውን ስመታ መምህሬ ጎኔ ቁጭ ብለው መዶሻውን ሳይሆን መሮውን እንድመለከት ነገሩኝ። መሐሉ ላይ ትንሽ ሸለቆ ይከፈታል፣ ከዚያ ወደ ሁለቱም ጫፍ በትንሽ በትንሹ እየተገፋ ይወርዳል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሚሊ ሜትሮች ለመጨረሻ ይቀመጣሉ፣ መሮው ሲነቀል ጠርዙን እንዳይጨፈልቅ። ወንዴው በመዳፍ ግፊት መግባት አለበት። መዶሻ ከጠየቀ እግሩን ሊሰነጥቀው ነው፤ በራሱ ከወደቀ ደግሞ ኮላ አያድነውም።

ወንዴውን ሴቴው ውስጥ ሰቅዞ የሚይዘው የእንጨት ችንካር ትልቅ ትምህርት ነው። ከእግሩ ጎን ሴቴውን አቋርጦ ቀዳዳ ይበሳል። ወንዴው ገብቶ የቀዳዳው ቦታ ምልክት ይደረግበትና ይወጣል፤ የወንዴው ቀዳዳ ግን ከምልክቱ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ትከሻው፣ ወንዴው ከአያያዡ ወደሚነሣበት ጠርዝ፣ ቀርቦ ይበሳል። ችንካሩ ሲመታ ሁለቱን ቀዳዳዎች ለማስተካከል ሲል አያያዡን ወደ እግሩ ይጎትተዋል። መጨምደጃ ብረት አያስፈልግም። ኮላው ቢያረጅ እንኳ ይይዛል።

ችንካሩን ከቡና እንጨት ሠራሁት። ገበሬ ያረጀ ቡና እንዲያድስ ከሥሩ ከፍ ብሎ ይጎነድለዋል፤ የሚጣለው ግንድ ጥቅጥቅ ያለና ጠንካራ ነው፣ አብዛኛው ምድጃ ውስጥ ይገባል። ተፈልጦ እንጂ ተጋዝቶ አይሠራም። ሲፈለጥ ጅማቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አይቋረጥም፤ ሲጋዝ ግን ይቋረጥና ችንካሩ እየተመታ ሳለ ይሰበራል። የጅማን ጠረጴዛ የጅማ ቡና ሰቅዞ መያዙ ደስ ብሎኛል።

መጋቢት

የጠረጴዛው ፊት ሦስት ጣውላ ጎን ለጎን ተጣብቆ የተሠራ ነው። ጠርዞቹን አገጣጥሜ ወደ ብርሃን አነሣሁና ብርሃን የሚያሳልፍበትን ቦታ በመላጊያ አነሣሁ፤ ብርሃን ሲጠፋ ኮላ ተቀባ።

ፊቱን ከእግሮቹ ጋር ስናያይዝ የመምህሬ የመጀመሪያ ቃል ተመልሶ መጣ። ፊቱ በስፋቱ ክረምት ይሰፋል፣ በጋ ይጠባል። በብሎን ጥርቅም አድርጎ ከአያያዡ ጋር ካሰሩት ወይ ይጎብጣል ወይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በአያያዦቹ ውስጠኛ ፊት ላይ ቦይ ወጣ፤ ምላስ ያላቸው ትንንሽ የእንጨት መያዣዎች ተሠሩ። መያዣው ወደ ፊቱ በእንጨት ችንካር ይያያዛል፣ ምላሱ ግን ቦዩ ውስጥ ይንሸራተታል። ፊቱ ወደ ታች ተይዟል፣ ወደ ጎን ግን ነጻ ነው።

መሳቢያውን ያስተማረችኝ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የተመረቀች ጎረቤቴ ናት። መምህሬ መሳቢያ ሠርተው አያውቁም፤ እርሷ ደግሞ በርጩማ ጠርባ አታውቅም። የመሳቢያው ፊትና ጎን የሚገናኙት በጥርስ ነው፤ ጥርሶቹ ጫፋቸው ሰፍቶ ሥራቸው ይጠባል፤ ስለዚህ መሳቢያው በተሳበ ቁጥር ይጠብቃሉ እንጂ አይላቀቁም። ተዳፋታቸው ለለስላሳ እንጨት አንድ ለስድስት፣ ለጠንካራ አንድ ለስምንት ይሆናል። «እህቴ፣ ለዋንዛ የትኛውን ልያዝ?» ስላት «ዋንዛ ለመላጊያ ለስላሳ ነው፤ አንድ ለስድስት ያዝ» አለችኝ። በመጋዝ ሲወርዱ መስመሩን መብላት ሳይሆን ከመስመሩ ጎን፣ ከሚጣለው በኩል መቆም ነው። መምህሬ መጥተው ጥርሶቹን በጣታቸው ዳሰሱ፤ እንዴት እንደተለካም ጠየቋት። ለረጅም ጊዜ ቆመው ተወያዩ። በሥራው ሁሉ ውስጥ ከሁሉ የወደድኩት ያንን ከሰዓት በኋላ ነው።

ሚያዝያ

በርጩማው ሚዛን ላይ 2 ኪሎ ከ400 ግራም ሆኖ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ አልቀነሰም። ደርቋል። ክቡ ክብ አልቀረም፤ በዙሪያ ቀለበቱ አቅጣጫ ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ከሌላው ጠብቦ ሞላላ ሆኗል። መምህሬ ይህ እንደሚመጣ ቀድመው ነግረውኝ ነበርና በማጠናቀቂያው ጥርብ ጠርዙን አስተካከልነው።

ለማለስለስ የብርጭቆ ወረቀት አልተጠቀምንም። የጠርሙስ ስባሪ ትኩስ ጠርዙ ከየትኛውም ወረቀት የተሻለ ይፍቃል፤ ዱቄት ሳይሆን ቀጭን ልጣጭ ያወጣል። ሲደንዝ ሌላ ይሰበራል። እጅን በወፍራም ጨርቅ መጠቅለል ግዴታ ነው።

ማጠናቀቂያው የተልባ ዘይትና ሰም ነው። ሰሙን ከማር ነጋዴ ገዛሁ፤ አቅልጬ በጨርቅ አጠለልኩት። አንድ እጅ ሰም በአራት እጅ ዘይት፣ ውኃ በሚፈላበት ድስት ውስጥ በተቀመጠ ጣሳ፣ እሳቱ በቀጥታ ሳይነካው። የተልባ ዘይት የሚደርቀው ውኃ እንደሚተን ተንኖ ሳይሆን ከአየር ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ነው፤ ሲዋሐድ ሙቀት ያወጣል። ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማዶ ጥግ ከተጣለ ሙቀቱ ይጠራቀምና ማንም ሳይለኩሰው ሊነድ ይችላል። ስለዚህ ጨርቁ ውኃ ውስጥ ይነከራል፣ ወይም ተዘርግቶ ደጅ ይሰቀላል። ሰጋቱራ በሞላበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም።

በስሱ ይቀባል፣ የተረፈው ይጠረጋል፣ በደንብ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ይደገማል። ዋንዛው ከፈዛዛ ቡናማ ወደ ወርቃማ ተለወጠ፤ በጉጡ ዙሪያ ያለው መስመር አንድ በአንድ ወጣ።

ሐምሌ

ክረምቱ ከገባ ቆይቷል። ፊቱን በስፋቱ ለካሁ፦ በመጋቢት 45 ሳንቲ ሜትር የነበረው አሁን 45 ሳንቲ ሜትር ከሦስት ሚሊ ሜትር ነው። በርዝመቱ ምንም አልጨመረም። ጠረጴዛውን ገልብጬ መያዣዎቹን አየሁ፤ በአንዱ በኩል ያሉት ምላሶች ቦዩ ውስጥ ተንሸራተው አዲስ ቦታ ይዘዋል፤ በቦዩ ላይ የቀድሞ ቦታቸው ሰም ያልነካው ጠርዝ ሆኖ ይታያል። ፊቱ አልጎበጠም። መሳቢያው ከበጋው ጠበቅ ብሏል፣ ግን ይሳባል፤ ጎረቤቴ ከላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ክፍተት እንድተው ያዘዘችኝ ለዚህ ነበር። ጎኖቹ ላይ ሰም አሸሁበት።

ከቆርቆሮው ሥር ያለው ክምር በዚህ እርጥበት ብዙ አይደርቅም፤ ቢያንስ እስከሚቀጥለው በጋ መጨረሻ ይቆያል። ከዚያ ለመምህሬ የተበደርኩት ይመለሳል፤ ከተረፈው መደገፊያ ያለው ወንበር ለመሥራት አስቤአለሁ። ለኋላ እግሮቹ ጅማቱ ከወንበሩ ጉብጠት ጋር አብሮ የሚሄድ፣ በተፈጥሮው የጎበጠ ቅርንጫፍ ያስፈልጋል። ዘመዳችን ማሳው ውስጥ ሁለት አይቼአለሁ ብሏል፤ መስከረም ላይ መምህሬን ይዤ ሄጄ አያቸዋለሁ።